አባቴ ሳያነቡ የፈረሙት ወረቀት

መንዝን አይተው የሚመለሱ ሰዎች ስለ አየሩና ስለ ገደሉ ሲያወሩ ያናድዱኛል። መኪናቸውን ጥግ አስይዘው ፎቶ ያነሳሉ፣ እዚህ መኖር ምን ያህል መታደል ነው ይላሉ፣ ከዚያ ብርዱ ሲጠናባቸው መስኮታቸውን ዘግተው ይመለሳሉ። እኔ እዚያ ተወልጄ፣ እዚያ ተምሬ፣ እዚያው አስተምሬያለሁ። ያ አገር ለሰው የሚራራ አገር አይደለም። ገብሱ ያማረ ዓመት ውርጭ ይመታዋል። ውርጭ የማረውን በረዶ ይጨርሰዋል። ከሁለቱም የተረፈውን ደግሞ ጎርፍ ከነአፈሩ ይዞት ገደል ይገባል። በየዓመቱ የማይጎድልብን ድንጋይ ብቻ ነበር።

በዚያች ቀጭን አፈር ላይ ሁለት አዛዦች ነበሩብን። ቤተ ክርስቲያን መሬቱ በየትኛው ቀን እንደማይነካ ትነግረናለች፤ ቀበሌው በየትኛው ቀን መቆፈር እንዳለበት ይነግረናል። ብዙ ጊዜ ቀኑ አንድ ዓይነት ነበር። በሚካኤል ቀን ዶማ ይዘህ ብትወጣ ካህናቱ በረዶ አመጣህብን ይሉሃል፣ ባትወጣ ሊቀመንበሩ ፀረ ልማት ይልሃል። ሁለቱም ሲቆጡ የሚቆጡት በዚያው በአንድ ሰው ላይ ነው።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ቤታችን ከሞላሌ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ፣ ከጋራው ጀርባ፣ ነፋስ በቀጥታ የሚመታው ቦታ ላይ ነው። አጠገባችን አምስት ቤቶች አሉ፤ አምስቱም የአባቴ የንስሐ ልጆች ነበሩ። በእኛ አገር ነፍስ አባት የሌለው ቤት የለም። ለሚስት የማይነገር፣ ለባል የማይነገር ነገር ለእሳቸው ይነገራል። እሳቸው ሰምተው ቀኖና ይሰጣሉ፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይላሉ፣ የሰሙትን ይዘውት መቃብር ይገባሉ። አባቴ ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ነበሩ። እናቴ በሕይወት ሳለች ከእርስዎ ጋር መኖር ከግድግዳ ጋር መኖር ነው እያለች ታማርራቸው ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ወሬ ይዘው ቤት ገብተው አያውቁም። እኛ ልጆቻቸው ግን ለእሳቸው አንናዘዝም። የገዛ አባት ለልጁ ነፍስ አባት አይሆንም ብለው ከወንዙ ማዶ ላሉት ቄስ ሰጥተውን ነበር።

ጊዜው የአንድ ለአምስት ጊዜ ነበር። ያኔ ያልነበረ ሰው ስለማይገባው ላስረዳ። አምስት ቤት በአንድ መሪ ሥር ይደራጃል፤ መሪው በየወሩ ማን እርከን ሥራ እንደወጣ፣ ማን ማዳበሪያ እንደወሰደ፣ ማን ከስብሰባ እንደቀረ ለቀበሌው ይጽፋል። የእኛን አምስት ቤት አባቴ እንዲመሩ ሊቀመንበሩ ወሰነ። ሰው የሚሰማቸው እሳቸውን ነው አለ። እውነቱን ነበር፤ ክፋቱም እዚያው ላይ ነው።

አባቴ እምቢ አሉ። የእነዚህን ሰዎች ኃጢአት የምሰማ ሰው እንዴት ጥፋታቸውን እጽፋለሁ ብለው ተከራከሩ። ሊቀመንበሩ አልተጣላቸውም፤ ዝም ብሎ ወደ ሰበካ ጉባኤው ሄደ። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሣር ነበር፣ ያፈስ ነበር፣ ቆርቆሮ ለመለመን ደግሞ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር። መጀመሪያ ካህናታችሁ በልማቱ አርአያ ይሁኑ አላቸው። የሰበካው ሽማግሌዎች በማግስቱ ቤታችን መጥተው አባቴን ከበቡ። ነገሩ የድንጋይ ካብ ጉዳይ ነው፣ ድንጋይ ምን ምስጢር አለው አሏቸው። አባቴ ለቆርቆሮ ሲባል ተሸነፉ። እነዚያን ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ አልወዳቸውም።

ቅጹን የምሞላው እኔ ነበርኩ። አስተማሪ ነኝ፣ እጄ ለዚያ ዓይነት ወረቀት ይቀናል። አባቴ ወረቀቱን ማየት ራሱ ያማቸው ነበር። ቅጽ ሰብሳቢው የሚመጣው ደግሞ እሳቸው ቀብር ወይም ዝክር በሄዱበት ቀን ስለሆነ፣ አንድ ጠዋት ተቀምጠው የዓመቱን ባዶ ቅጽ በሙሉ ፈረሙበት። ካህናት እንደሚያደርጉት ከስማቸው በፊት ትንሽ መስቀል ሠሩ። ከዚያ ክምሩን ወደ እኔ ገፍተው እንድሞላው ነገሩኝና ጋቢያቸውን አንስተው ወጡ። የቅጹ የመጨረሻ ዓምድ «የታዩ ችግሮች» ይል ነበር። እኔ በየወሩ «የለም» ብዬ እጽፋለሁ። ደስ እያለኝ ነበር የምጽፈው፤ ለቀበሌው ልሰጥ የምችለው ትልቁ ስድብ እሱ ነበር።

ከእኛ ቤት ዝቅ ብሎ የሚኖር ጎረቤት ነበረን። ጋሼ ነበር የምለው። ሥራ የማይታክተው፣ ምላሱም የማይታክተው ሰው ነው። አንድ ጊዜ በእኛው ቤት ዝክር ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አባቴን ልጅዎን ኮሌጅ ልከው አበላሿት አላቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቷት ሳታገባ ጠመኔ ይዛ ትዞራለች አለ። ሰው ሳቀ። እኔም ጠላውን እየቀዳሁ አብሬ ሳቅሁ፤ አንጀቴ ግን አረረ። ይህን የምናገረው በኋላ ያደረግሁትን ለፍትሕ ብቻ ያደረግሁት እንዳይመስል ነው።

የነሐሴ ሚካኤል ቀን ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እኔ በወር አበባዬ ላይ ስለነበርኩ መግባት አይፈቀድልኝም። ከቅጥሩ ውጭ ዝናብ እየደበደበኝ ቆሜ ቅዳሴውን በጆሮዬ መከታተል እችል ነበር፤ ብዙ ሴቶች እንደዚያ ያደርጋሉ። እኔን አበሳጨኝ። እግዚአብሔር በዚህ ዝናብ ውስጥ እዚህ ቁሚ አላለኝም ብዬ ላስቲክ ተከናንቤ ወደ ጋራው ወጣሁ። የጓሳው ሣር እርጥብ ነው፣ ጉሙ ይመጣል ይሄዳል። ጉሙ ገለል ሲል ከበታቼ ጋሼን አየሁት። ዶማ ይዟል።

ባለፈው በጋ ሁላችንም በዘመቻ ተገደን የካብነውን እርከን እያፈረሰ ነበር። እርከኑን የግብርና ባለሙያው አላግባብ ስላሰመረው ውሃ አቁሮ የእሱን ገብስ ያበሰብስ ነበር። ስሞታ አቅርቦ ሰሚ አላገኘም። ስለዚህ ሰው በሌለበት ቀን መጥቶ በዶማው ከፈተው። ውሃው እሱ ባሰበው በኩል አልሄደም። በአንዴ ወጣና የእሱን ማሳ አቋርጦ፣ ከታቹ ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ማሳ ላይ ወረደ። አረንጓዴው ገብስ ሲተኛ፣ ከዚያ ከነአፈሩ ሲነሳ፣ ከዚያ በገደሉ አፍ ሲገባ በዓይኔ አየሁት። ብዙ ጊዜ አልፈጀም። እሱ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆመ። አማተበ። ዶማውን አንስቶ ሄደ።

ደሜ ፈልቶ ቤት ገባሁ። ቅጽ ሰብሳቢው በማግስቱ ይመጣ ነበር። አባቴ ገና ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም። ከፈረሙት ወረቀት አንዱን ስቤ የመጨረሻው ዓምድ ላይ ያየሁትን ሁሉ ጻፍኩ፦ ማን እንደሆነ፣ የትኛውን እርከን እንዳፈረሰ፣ የማን ማሳ እንደተበላ። ያቺን ሴት አስቤ ነው የጻፍኩት። ዝክሩ ላይ ሰው ያሳቀብኝንም አስቤ ነው። የትኛው እንደበለጠ ዛሬም አላውቅም። ቅጹ ላይ ወር እንጂ ቀን አይጻፍም ነበር፤ ይህ በኋላ አባቴን ጎዳቸው። ሰብሳቢው መጥቶ ወሰደው።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ጋሼ ወደ አባቴ መጣ። ፍልሰታ ሊፈታ ነው፣ ለመቁረብ የሚዘጋጅ ሁሉ የሚናዘዝበት ጊዜ ነው። ከቤቱ ኋላ ከካቡ ሥር ቆመው ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። እሱ ተንበርክኮ አየሁት። አባቴ ሲመለሱ እንደ ወትሮው ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም፤ ውሃ ጠይቀው ጠጡ።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ጋሼን በየቀኑ በሴትዮዋ ማሳ ውስጥ አየው ጀመር። አፈር በጆንያ ተሸክሞ ያመጣል፣ ድንጋይ ይክባል፣ ቦይ ይቆፍራል። እሷ ማን እንዳፈረሰባት አታውቅም፤ ጎርፍ ነው ብላለች። እግዜር ይስጠው ደግ ጎረቤት ነው እያለች ለሰው ታወራ ነበር። እኔ ደግሞ በሆዴ አስመሳይ እለው ነበር። ቀኖና እየፈጸመ ነው ብዬ አልጠረጠርኩም። የቄስ ልጅ ሆኜ አልጠረጠርኩም።

መስቀል ካለፈ በኋላ፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቀበሌው ሜዳ ላይ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ የወረዳ እንግዳ አጠገቡ ስላለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር የሚናገረው። ስለ እርከን ብዙ አወራ፤ ከዚያ የጋሼን ስም ጠርቶ አስነሳው። ጋሼ ማን አየኝ አለ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አውጥቶ ወደ ሕዝቡ አዞረው። እስቃለሁ ባይል እንኳ ፊቱ እየሳቀ ነበር።

«የገዛ ነፍስ አባትህ ፈርመውበታል» አለ። «መስቀሉን እየው።»

ጋሼ ወረቀቱን አላየም፤ ዘወር ብሎ አባቴን ፈለገ። ከካህናቱ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር።

«አባ፣ እኔ ለእርስዎ ብቻ ነው የተናገርኩት» አላቸው። ወረቀቱ ከንስሐው በፊት መጻፉን የሚያሳይ ቀን አልነበረበትም።

አባቴ ተነሡ። የሚናገሩ መስሎኝ ነበር፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ መስሎት ነበር። ግን ምን ይበሉ? አልተናገርኩብህም ቢሉ መናዘዙን አመኑ ማለት ነው። አልነገርከኝም ቢሉ ዋሹ ማለት ነው። ወረቀቱን አላየሁትም፣ ስለዚያ እርከን ምንም አልጻፍኩም ቢሉ እንኳ በዚያ ሰዓት በዚያ ሰው ፊት ስለዚያ እርከን የሚያወጡት ቃል ሁሉ ከንስሐው የተቆረሰ ይሆናል። አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። እኔ ከአስተማሪዎቹ ጋር ሦስት ረድፍ ወደ ኋላ ተቀምጬ ነበር። እጄን አውጥቼ እኔ ነኝ የጻፍኩት ማለት ነበረብኝ። ጉልበቴ ከዳኝ ብል ውሸት ነው፤ ጉልበቴ ደኅና ነበር። ፈራሁ። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው አባቴን ሲያዩ አየሁ፣ ያ ዓይን ወደ እኔ እንዲዞር አልፈለግሁም።

ጋሼ በቀበሌው ክፍል ሁለት ቀን ታሰረ። ከዚያ የከፋው ግን ከሴፍቲኔት መዝገብ ከነቤተሰቡ መሰረዙ ነው። ስንዴና ዘይት ቀረበት፤ ቤቱ ውስጥ አምስት ልጆች ነበሩ። የሴትዮዋ ማሳም ግማሹ ሳይጠገን ቀረ።

የዚያን ቀን አባቴ ቤት እንደገቡ የቀሩትን የተፈረሙ ቅጾች እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው። አንድ በአንድ ምድጃ ውስጥ ጨመሯቸው፤ እስኪነዱ አዩአቸው። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ እጅ ጽሑፉ ያንቺ ነው አሉኝ። ከሩቅ አውቀውታል።

«አይቼ ነው፣ አባ። ከጋራው ላይ በዓይኔ አይቼ ነው የጻፍኩት።»

«ማየትሽን አልጠረጠርኩም» አሉ። «ሳላነብ የፈረምኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ሄጄ ለሰው ልንገር ወይ አልኳቸው። እንዲከለክሉኝ ፈልጌ ነበር የጠየቅሁት። አልከለከሉኝም፣ አላዘዙኝምም። የዚያን ሰው ነገር በተመለከተ እኔ አፌን አልከፍትም፤ አንቺ የራስሽ አፍ አለሽ አሉ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ ጉዳዩን አንስተውብኝ አያውቁም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አምስቱ ቤቶች ተራ በተራ መጡ። ነፍስ አባት የሚቀይር ሰው የቀድሞውን አስፈቅዶ፣ ይፍቱኝ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ሥርዓቱን ጠብቀው መጡ። ጋሼ ራሱ አልመጣም፤ ሚስቱን ላከ። አባቴ በር ላይ ቆመው ይሰማሉ፣ እግዚአብሔር ይፍታችሁ ይላሉ፣ መስቀሉን ያሳልማሉ። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ እሰማለሁ። የመጨረሻዋ ማሳዋ የተበላባት ሴት ነበረች። መስቀሉን ከተሳለመች በኋላ አልሄደችም።

«አባ፣ ማሳዬን እየጠገነልኝ ነበር እኮ» አለች። «ማን ክሰሱልኝ አላችሁ?»

አባቴ መስቀላቸውን ወደ ጋቢያቸው መለሱ። እኔም ከበሩ ኋላ አልወጣሁም።

የሰበካው ሽማግሌዎች አባቴ ቤተ ክርስቲያኗን አሳፈሩ ብለው ተሰበሰቡ። እነዚያው፣ ድንጋይ ምን ምስጢር አለው ያሉት ናቸው። ከቅዳሴ አላስወጧቸውም፤ አገልጋይ ካህን ጥቂት ነበር፣ አይችሉም። ግን ማንም ለእሳቸው እንዳይናዘዝ በየቤቱ አስወሩ። ቆርቆሮው መጣ። ዛሬም ፀሐይ ሲያርፍበት ከሩቅ ያብረቀርቃል፤ እነዚያ ፎቶ አንሺዎች ይወዱታል።

አምስቱ ቤቶች የሄዱት ከወንዙ ማዶ ወዳሉት ቄስ ነው። ወደ እኔ ነፍስ አባት። እኔም በሁዳዴ ሄጄ ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ጋራውን፣ ወረቀቱን፣ ዝክሩን፣ ሜዳው ላይ መቀመጤን።

«ቀኖናሽ አጭር ነው» አሉኝ። «ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት ቆመሽ ያየሁትም የጻፍኩትም እኔ ነኝ በይ። እስከዚያ ይፍቱኝ ብለሽ አትምጪብኝ።»

እንደማላደርገው እያወቅሁ እሺ አልኩ። እውነቱን የማወጣው አሁን ነው፤ የሄድኩት ለንስሐ አልነበረም። ነገሩን ከደረቴ አውርጄ፣ መውጣት ከማይችልበት ቦታ ላስቀምጠው ነበር የሄድኩት። እሳቸውም ከዚያ በኋላ የአባቴን የንስሐ ልጆች በየበዓሉ እየዞሩ ጠበል ሲረጩ፣ ሰዎቹ አባቴን ሲያሙ እየሰሙ፣ አንድ ቃል መናገር አልቻሉም። አባቴ ላይ የወደቀው ዝምታ እሳቸው ላይም ወደቀ። ሁለቱንም ያፈንኳቸው እኔ ነኝ። ያም ሆኖ ለብዙ ጊዜ የጠላሁት ቄሱን ነበር። ሊቀመንበሩንም፣ ሽማግሌዎቹንም፣ የማይገባበት ገብቶ የሰውን ገብስ የሚወስደውን ውሃ ጭምር ጠላሁ። ሰው ራሱን እንዳይጠላ የሚጠላው ነገር አያጣም።

ዝውውር ጠየቅሁና መሐል ሜዳ ደረሰኝ። ለበዓል ስመጣ አባቴን አያቸዋለሁ። በወሩ በአሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ቀን፣ ከልማድ የተነሣ መስቀላቸውን ይዘው ወደ ጎረቤቶቹ ቤት የሚወስደውን መንገድ ይጀምሩትና፣ ካቡ ጋ ሲደርሱ ትዝ ይላቸዋል፣ ይመለሳሉ። ሦስት አራት ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ተመልሰው ሲገቡ ነፋሱ በረታ ይሉኛል።

እንደዚያ ሆነው ስድስት ዓመት ኖሩ። ሲሞቱ ጸሎተ ፍትሐታቸውን የመሩት ከወንዙ ማዶ ያሉት ቄስ ነበሩ። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ ጋሼ ነበር። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ሁለት ልጆቹ አዲስ አበባ ሰው ቤት ገብተዋል አሉኝ። ከቀብር መልስ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ቄሱ ከፊት ለፊታችን መደብ ላይ ነበሩ።

ጋሼ እጁን አሻሸ። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ ተናገረ። ምላሱ እንደ ድሮው አልነበረም።

«ልጄ፣ እኔ አባትሽን ይቅር ብያቸዋለሁ። ነፍሳቸው እንዳትጨነቅ፣ አንቺም እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

ቄሱ ሰሙ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ጠበቁኝ። ቤቱ በሰው ሙሉ ነበር፣ አምስቱም ቤቶች ነበሩ፣ ያቺ ሴትም በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ በፊቱ ቁሚ የተባልኩት ሕዝብ ራሱ ቤቴ መጥቶልኛል። መነሣት እንኳ አያስፈልገኝም ነበር፤ አፌን መክፈት ብቻ ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አልኩት።

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ።